«የገዛሁት የቼሪ ቢራ ኮምጣጣ ሆነብኝ፤ ተበላሽቶ ነው?»

ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ብራስልስ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነው። ከሱፐርማርኬት እየገዛሁ የለመድኩት ክሪክ የሚባለው የቼሪ ቢራ ጣፋጭ ነው፤ እንደ ለስላሳ መጠጥ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ግን አንደርሌክት ወደሚገኘው ካንቲዮን ወደሚባለው የድሮ ቢራ መጥመቂያ ሄጄ ‹እውነተኛው ክሪክ ይህ ነው› ስላሉኝ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱን ቤት ወስጄ ስከፍተው አፍ የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ሆነብኝ፤ ስኳር የሚባል ነገር የለውም፣ ከታቹም አተላ አለበት። ተበላሽቶ ይሆን? ስኳር ብጨምርበትስ ይስተካከላል? ሁለተኛውን በክረምት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ለአባቴ ልወስድለት አስቤ ነበር፤ እስከዚያ ቢቆይ ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል? ደግሞስ ጠላ ላይ ቼሪ ብንጨምርበት ያው አይሆንም ወይ?»

ቢራው አልተበላሸም፤ ሻጮቹም አላታለሉዎትም። ግራ ያጋባዎት «ክሪክ» በሚለው አንድ ስም አሠራራቸው እጅግ የተራራቀ ሁለት መጠጦች መሸጣቸው ነው። ከሱፐርማርኬት የለመዱት ጣፋጩ ክሪክ ጣዕሙን ያገኘው ከተጨመረበት የፍሬ ጭማቂና ማጣፈጫ ነው። ከካንቲዮን የገዙት ደግሞ ፍሬው ይዞት የመጣውን ስኳር እርሾው አሟጦ የበላው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት የፍራፍሬ ቢራ ሁሉ ጣፋጭ መሆን አለበት የሚለው ግምት ነው። በብራስልስ የድሮ አሠራር ፍሬ የሚጨመረው ቢራውን እንደገና እንዲያፈላው ነው፤ ስኳሩ በዚያው ያልቃል፣ ለጠጪው የሚተርፈው መዓዛው፣ ቀለሙና የልጣጩ ጉምዛዜ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ ያዘዘ ሰው ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የሚባሉትን ደረጃዎች ያውቃል፤ የካንቲዮን ክሪክ በዚያ መለኪያ ከደረቁም የደረቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኮምጣጣነቱን ምንጭ ለመረዳት ፍሬው ከመግባቱ በፊት ያለውን መጠጥ፣ ማለትም ላምቢክን፣ ማወቅ ይገባል። ላምቢክ በብራስልስ ከተማና ከእርሷ በስተምዕራብ በተዘረጋው ፓዮተንላንድ በተባለው ገጠር፣ በዜነ ወንዝ ሸለቆ የሚጠመቅ ቢራ ነው። በሌላው ዓለም የሚገኘው አብዛኛው ቢራ በቤተ ሙከራ ተመርጦ የተባዛ እርሾ ይጨመርበታል፤ በላምቢክ ላይ ግን ማንም እርሾ አይጨምርም። ካንቲዮን የተመሠረተው በ1900 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፖል ካንቲዮንና በባለቤቱ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ከሌሎች ጠማቂዎች ላምቢክ እየገዛ ቀላቅሎ የሚሸጥ ቤት ነበር። የራሱን መጥመቅ የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1978 የቤተሰቡ አማች የሆኑት ዣን-ፒየር ቫን ሮይ መጥመቂያውን ሥራው ሳይቋረጥ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየም አደረጉት። ያን ጊዜ ጣፋጭ ቢራ ገበያውን ወርሶት፣ የአካባቢው ትንንሽ ጠማቂዎች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነበርና፣ ሙዚየሙ ቤቱን በሕይወት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ነው። አሁን ሥራውን የሚመራው ልጃቸው ዣን ቫን ሮይ ነው። ከሚዲ ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ለግዢ ብቻ ሄደው ከሆነ አንድ ቀን ተመልሰው ውስጡን ቢጎበኙት እመክራለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን በዓይንዎ ያዩታል።

በጥመቃው ቀን ሁለት እጅ ለሚሆን የገብስ ብቅል አንድ እጅ ያህል ያልበቀለ ጥሬ ስንዴ ተፈጭቶ ይቀላቀልና ስኳሩ እስኪወጣ ድረስ ሙቀቱ እየተለዋወጠ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያም ሦስት ዓመት ያህል የተከማቸ አሮጌ ሆፕ ተጨምሮበት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈላል። ሆፕ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ የሆነውን ያህል ነው፤ እዚህ ግን ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የሚደረገው ምሬቱና መዓዛው እንዲጠፋ፣ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን የመግታት ኃይሉ ግን እንዲቀር ነው። አሥር ሺህ ሊትር ገደማ የነበረው ፈሳሽ በእንፋሎት ቀንሶ ወደ 7,500 ሊትር ሲደርስ በቧንቧ ወደ ጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል ይወጣል።

ሰገነቱ ላይ ያለው ዕቃ እንደ ትልቅ ምጣድ የተዘረጋ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ የቀይ መዳብ ገንዳ ነው። ፈሳሹ ሲገባበት ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፤ ጣውላዎቹና የጣሪያው ወራጆች ይረጥባሉ፤ በግድግዳው ላይ ያሉት መስኮቶች ተከፍተው የሌሊቱ ብርድ አየር ይገባል። ሸረሪቶቹ በየማዕዘኑ ድራቸውን እንዳደሩ ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም፣ ምክንያቱም በፍሬው ወቅት የሚመጡትን ትንኞች የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ፈሳሹ እስከ ንጋት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ፣ በአየሩ የሚንሳፈፉት የዱር እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ወርደውበታል። ጠዋት ወደ እንጨት በርሜሎች ይገባል፤ በርሜሎቹም ራሳቸው በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የተቀመጡ ተሕዋስያን አሏቸው። ይህ ሥራ የሚከናወነው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ማብቂያ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ብቻ ነው። ሌሊቱ ሲሞቅ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ስለሚበርድና አየሩ በጎጂ ባክቴሪያ ስለሚበዛ መጥመቅ አይቻልም፤ በ2015 ኅዳር ወር ሌሊቶቹ ከወትሮው ሞቀው ካንቲዮን የያዛቸውን የጥመቃ ቀናት ለመሰረዝ ተገዷል። የአየር ንብረት ለውጥ በዚህ ሙያ ላይ ያለው አደጋ ሩቅ አይደለም፤ የሥራውን የቀን መቁጠሪያ እያሳጠረው ነው።

በበርሜሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር በተራ የሚከናወን ነው፤ ኮምጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአጭር ጊዜ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ። ቀጥሎ ዳቦም ጠጅም የሚያፈላው የታወቀው የእርሾ ዝርያ ቀላል ቀላሉን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል። ወራት አልፈው ሙቀቱ ሲጨምር ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ተራቸውን ይይዛሉ፤ እነዚህ እርጎን ከሚያረጉትና የእንጀራ ሊጥን ከሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ጋር የሚዛመዱ ናቸው። በመጨረሻ ብሬታኖማይሲስ የሚባለው ዝግተኛ እርሾ ይመጣል። ይህን እርሾ መጀመሪያ የገለጸው በ1904 በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ባለሙያ የነበረው ክላውሰን ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ ዋናው በብራስልስ ከተማ ስም «ብሩክሴሌንሲስ» ተብሎ ተሰይሟል። ሌላው እርሾ ትቶት የሄደውን ውስብስብ ስኳር ሁሉ ይበላል፤ ከእንጨቱ የሚወጣውንም ስኳር መብላት ይችላል። የፈረስ ኮርቻና የደረቀ ሣር የሚመስለው የላምቢክ ሽታ የዚህ እርሾ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ሦስት ዓመት የቆየ ላምቢክ ጋዝ የለውም፣ ስኳርም የለውም፤ ኮምጣጣ፣ ደረቅና ጸጥ ያለ መጠጥ ነው። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተቀላቅሎ በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲፈላ ጉዝ ይባላል፤ ፍሬ ሲገባበት ደግሞ እርስዎ የገዙት ይሆናል።

አሁን ወደ ፍሬው። «ክሪክ» በፍላሚሽ ቋንቋ ኮምጣጣ ቼሪ ማለት ነው፤ ቢራው የተጠራው በፍሬው ስም ነው። ከሁሉ የሚመረጠው በብራስልስ ሰሜናዊ ሰፈር በስካርቤክ ስም የሚጠራው ትንሽና ጥቁር ቀይ ቼሪ ነበር። የሰፈሩ ገበሬዎች ቼሪውን በአህያ ጭነው ወደ ከተማው ገበያ ስለሚያመጡ ስካርቤክ እስከ ዛሬ «የአህዮች ከተማ» በሚል ቅጽል ይታወቃል። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ዛፎቹ ስለጠፉ ይህ ፍሬ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ጠማቂዎቹ ሌላ ኮምጣጣ ቼሪም ይጠቀማሉ። ካንቲዮን ለአንድ ሊትር ላምቢክ 200 ግራም ያህል ቼሪ ከነፍሬ ዘሩ በርሜል ውስጥ ያስገባል። ፍሬው ሲገባ ጸጥ ብሎ የነበረው ላምቢክ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና ይነሣል፤ አረፋው በበርሜሉ አፍ ይወጣል። ከወራት በኋላ የሚቀረው ቼሪ ነጥቶ፣ ሥጋው ሟሙቶ፣ ልጣጩ በዘሩ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ዘሩ እንዲቀር የሚደረገው ለውዝ የሚመስል ስስ መዓዛ ስለሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኮምጣጣ ቼሪ በክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስኳር ቢኖረው፣ 200 ግራሙ ለሊትሩ የሚያመጣው 20 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሊትር የታወቀ ለስላሳ መጠጥ 100 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ስለዚህ እርሾው የፍሬውን ስኳር አንዲት እንኳ ሳይነካ ቢተወው፣ መጠጡ የለስላሳን ጣፋጭነት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ያውም በላምቢኩ ኮምጣጣነት ተሸፍኖ። ከሱፐርማርኬት የለመዱት ጣፋጭነት ከቼሪው ብቻ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው። ያው ስሌት ሌላም ነገር ያስረዳል፦ ያ 20 ግራም ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ብርታቱን በመጠኑ ይጨምራል፤ የፍሬው ውሃ ደግሞ ያቀጥነዋል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ ክሪኩ እንደ መነሻው ላምቢክ ከ5 እስከ 6 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆያል።

ቼሪ ብቻም አይደለም። ያው ቤት ሮዜ ደ ጋምብሪኑስ የሚለውን በራስፕቤሪ፣ ፉፉን የሚለውን በአፕሪኮት፣ ሳን ላምቪኑስ የሚለውን በቀይ ወይን ፍሬ ይሠራል። ራስፕቤሪ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ በአገራችን ደጋ በየቁጥቋጦው የሚለቀመው የዱር እንጆሪ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ገበያ ላይ «እንጆሪ» ተብሎ የሚሸጠው ስትሮቤሪ ግን ሌላ ነው። የራስፕቤሪው ቢራ ከሁሉ ፈጥኖ መዓዛውን የሚያጣ ስለሆነ፣ እርሱን ከገዙ አያስቀምጡት።

ጣፋጩ ክሪክ ሐሰተኛ ነው ማለት ግን አልፈልግም። ብዙ ጊዜ መሠረቱ ላምቢክ ነው፤ ወጣት ላምቢክ ላይ የፍሬ ጭማቂና ማጣፈጫ ይገባና ይጣራል፤ ከዚያ ስኳሩ ዳግም እንዳይፈላ በሙቀት እርሾው ይገደላል። ይህ ባይደረግ ኖሮ ጠርሙሱ ይፈነዳ ነበር። አልኮሉም አነስተኛ ነው፤ ሊንደማንስ የተባለው መጥመቂያ የሚሠራው ጣፋጭ ክሪክ 3.5 በመቶ ነው። ያው ሊንደማንስ ግን ኩቬ ረኔ የሚል ስም የሰጠውን፣ ምንም ያልጣፈጠ፣ በጠርሙስ ውስጥ የፈላ ደረቅ ክሪክም ይሠራል። ልዩነቱ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በአንድ ፋብሪካ ውስጥም አለና፣ የፋብሪካውን ስም በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። መለያው የጠርሙሱ ወረቀት ነው። «ክሪክ» ከሚለው በፊት በፍላሚሽ «አውደ»፣ በፈረንሳይኛ «ቪዬይ»፣ ማለትም «አሮጌ» የሚል ቃል ካለ፣ ያ ስም ከ1997 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በባህላዊ አሠራሩ የተጠበቀ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ ዳግም የፈላ፣ ያልጣፈጠ ላምቢክ መሆኑን ያመለክታል። ካንቲዮን «መቶ በመቶ ላምቢክ» ብሎ ይጽፋል። ከኋላ በኩል ባለው ዝርዝር ውስጥ ስኳር፣ የፍሬ ጭማቂ፣ የፍሬ ቅመም ወይም ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ተጽፎ ካዩ የለመዱት ዓይነት ነው።

አተላውን በተመለከተ፣ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው እርሾና የፍሬው ቅንጣት ነው፤ አይጎዳም። ከመጠጣትዎ ሁለት ቀን አስቀድመው ጠርሙሱን ቢያቆሙትና ቀስ ብለው ቢቀዱት ከታች ይቀራል። ኮምጣጣ ሁሉ ብልሽት እንዳልሆነ ከላይ አይተናል፤ እንዲያውም አሲዱ አደገኛ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ የሚበላሽ ጠርሙስ የለም ማለት አይደለም። የላክቲክ አሲድ ኮምጣጣነት ንጹሕ ነው፣ ምራቅ ያመጣል እንጂ ጉሮሮ አያቃጥልም። ሽታው አፍንጫን የሚወጋ አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነ አየር ገብቶበታል። የሻገተ እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ ተበክሏል። ሲቀዳ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ከሆነ ደግሞ በላምቢክ የታወቀ ጊዜያዊ ሁኔታ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሠሩትን ልጋግ ብሬታኖማይሲሱ ከጊዜ በኋላ ይበላዋል፣ ስለዚህ ያው ዓይነት ሌላ ጠርሙስ ካለ ወራት ማቆየት ነው። እርስዎ ከገለጹት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ስኳር መጨመር ይቻላል? ብርጭቆው ላይ ከሆነ ይቻላል፤ ነውርም የለበትም። የድሮ የብራስልስ መጠጥ ቤቶች ላምቢክ ለሚያዝ ሰው የስኳር እንክብልና ስቱምፐር የሚባል መጨፍለቂያ ያቀርቡ ነበር፤ ጠጪው ብርጭቆው ውስጥ እየጨፈለቀ እንደ ፍላጎቱ ያጣፍጠዋል። ፋሮ የሚባለው መጠጥም የጣፈጠ ላምቢክ ነው። ነገር ግን በምንም ምክንያት ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር ጨምረው መልሰው እንዳይደፍኑት። እርሾው ሕያው ነው፤ ያገኘውን ስኳር ወደ ጋዝ ይለውጣል፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ የጠርሙስ ስባሪ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። እኔ የምመርጠው ግን ስኳር ከመጨመርዎ በፊት ሌላ ሙከራ ነው፦ ከፍሪጅ እንዳወጡት በረዶ ሆኖ አይጠጡት፣ ቅዝቃዜ አሲዱን ያጎላል፣ መዓዛውን ይደብቃል። ወደ 12 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር ይሞክሩት። ጨውና ቅባት ያለው ምግብ፣ ለምሳሌ አይብ ወይም የተጠበሰ ሥጋ፣ ኮምጣጣነቱን ያለሰልሰዋል። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ጉንጭ በኋላ አፉ ይለምደዋል። ከዚያም በኋላ ካልወደዱት መብትዎ ነው፤ ጥሩ አሠራር ስለሆነ ብቻ መውደድ ግዴታ አይሆንም።

ማቆየትን በተመለከተ ጉዝና ክሪክን መለየት ያስፈልጋል። ጉዝ በቀዝቃዛ ጓዳ ሃያ ዓመት እንኳ ሊቆይ ይችላል። የፍሬ ላምቢክ ግን አይበላሽም እንጂ ፍሬው ይሸሻል፤ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ላምቢኩ ነው። ስለዚህ «ቢቆይ ይሻለዋል» የሚለው ለክሪክዎ አይሠራም፤ ጥቂት ወራት ግን አይጎዱትም። የካንቲዮን ትልቁ ጠርሙስ ከላይ ቆርኪ፣ ከቆርኪው ሥር ደግሞ ቡሽ አለው፤ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱን አጋድመው፣ ከብርሃን አርቀው፣ ከምድጃም ከማሞቂያም ርቆ ቀዝቃዛና የማይለዋወጥ ሙቀት ባለበት ያስቀምጡት። ሙቀት ቀልድ አይደለም። በ2009 በቤርሰል ያለው ድሪ ፎንታይነን የተባለው መጥመቂያ የመጋዘኑ ሙቀት መቆጣጠሪያ በመበላሸቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጠርሙሶችን አጥቷል፤ ባለቤቱ አርማንድ ደበልደር የተረፈውን ቢራ አረቄ አድርገው በማውጣት ቤቱን ከመዘጋት አድነዋል።

ጠላ ላይ ቼሪ መጨመር ያው አይሆንም፤ ልዩነቱም የፍሬው አይደለም። ጠላም እንደ ላምቢክ ከውጭ የተገዛ እርሾ ሳይጨመርበት የሚፈላ ነው፤ በዚህ ዘመድ ናቸው። ነገር ግን የጠላው እርሾና ባክቴሪያ የሚመጣው በዋናነት ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ነው፤ ከጥንስስ እስከ መጠጣት ያለውም ጊዜ በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ላምቢክ ግን ለሰዓታት ፈልቶ ያለው ሁሉ ከሞተ በኋላ አየሩንና እንጨቱን ተቀብሎ ዓመታት ይጠብቃል። አንድ ሌሊት በረንዳ ላይ ያደረ ድፍድፍ ላምቢክ አይሆንም። የቼሪ ጠላ መሥራት ከፈለጉ ግን የሚከለክል የለም፦ ጠላው ከጠለለ በኋላ ታጥቦ የተጨመቀ ቼሪ አግብተው፣ አፉ ሰፊ በሆነና ተከድኖ ባልታሸገ ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን አቆይተው፣ አጥልለው ወዲያው ይጠጡት። ጠርሙስ ውስጥ አጥብቀው አይድፈኑት። የቼሪውንም ዘር ከነፍሬው መተው ይቻላል፣ ነገር ግን አይውቀጡት፤ በውስጡ ያለው ፍሬ ሲደቅ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው።

ፍራፍሬ ስላለው አልኮሉ እንደ ሌላ ቢራ አይቆጠርም የሚል አስተሳሰብ ካለ ይታረም፤ እርጉዝ ሴት፣ ልጅና መኪና የሚነዳ ሰው ሊጠጣው አይገባም። ስንዴና ገብስ ስላለው ግሉተን የማይስማማው ሰው መራቅ አለበት። የጨጓራ ቃር ያለበት ሰው አሲዱ ሊያስቸግረው ይችላል። አንድ ብዙ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ፦ በዱር ተሕዋስያን ረጅም ጊዜ የፈላ መጠጥ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚይዝ፣ ለድብርት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ኤም.ኤ.ኦ.አይ የሚባለውን ዓይነት የሚወስድ ሰው የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላልና ፈጽሞ አይጠጣው። አባትዎ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። እጅዎ ላይ ያለውን ሁለተኛ ክሪክ ለአባትዎ ከመውሰድዎ በፊት አባትዎ ጠጅ ሲያዙ የቱን እንደሚያዙ ያስቡ። ለስላሳውን የሚመርጡ ከሆነ ይህ ጠርሙስ አያስደስታቸውምና እርስዎ ብራስልስ ላይ ከጓደኞችዎ ጋር ይጠጡት፤ ለእርሳቸው ጣፋጩን ይውሰዱላቸው። ደረቅ ጠጅ ወዳጅ ከሆኑ ግን ያለ ጥርጥር ይውሰዱት፤ ለማስቀመጥ የሚሆን ስጦታ ከፈለጉ ደግሞ ከክሪኩ ጋር አንድ ጉዝ ይጨምሩ። በእጅ ሻንጣ ማሳለፍ ስለማይቻል በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ በልብስ መካከል አድርገው በሚጫነው ሻንጣ ያስገቡት። አዲስ አበባ ሲደርስ በዚያው ቀን አይክፈቱት። ተንቀጥቅጧል፣ ከተማውም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከብራስልስ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ በጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው ጋዝ ሲከፈት ከለመዱት በላይ ይገነፍላል። አምስት ስድስት ቀን አቁመው ያሳርፉት፣ ከመክፈትዎ በፊት ለግማሽ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት፣ ቆርኪውን ካነሱ በኋላ ቡሹን ከፊትዎ አርቀው በፎጣ ይዘው ቀስ ብለው ያውጡት፣ መቅጃ ዕቃ ወይም ጆግ አጠገብዎ ይኑር። ቀድተው ለጥቂት ደቂቃ ከተዉት በኋላ ነው ለአባትዎ የሚያቀርቡት።